ልጄ ሰው ቤት ሊጫወት ሲሄድ፦ ስለ መሳሪያና ስለ መዋኛ ገንዳ የጠየቃችሁኝ

እሺ እንጀምር። ለማታውቁኝ፣ አሜሪካ ነው ያለሁት፣ የልጆች ድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ፣ ቅዳሜና እሁድ ደሞ ትንንሽ ልጆች ዋና አስተምራለሁ። ሰመር ሲመጣ ትምህርት ይዘጋና ልጅ ሁሉ ጓደኛው ቤት ነው የሚውለው፣ የጥያቄውም ብዛት ከዛ ነው መሰለኝ። የምመልሰው እዚህ ባለው አሰራር ነው።

ጥያቄ፦ እህታችን፣ ፑል ያለበት ቤትና ሽጉጥ ያለበት ቤት ለልጅ የቱ ይብሳል? ባለቤቴ ፑል በብዙ እጥፍ ይብሳል የሚል ስሌት አንብቦ የሽጉጡን ነገር ጭራሽ ተወው።

ስሌቱን አውቀዋለሁ፣ የቆየ ነው። የሞቱትን ልጆች በፑሎቹ ቁጥር ያካፍላል፣ በመሳሪያም የሞቱትን በመሳሪያው ቁጥር ያካፍልና ፑል በጣም ገዳይ ሆኖ ይወጣል። ለትንንሾቹ እውነትነት አለው፣ አሜሪካ ውስጥ ከ1 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች ቀዳሚው የሞት ምክንያት መስጠም ነው። ግን አንድ ቤት ያለው አንድ ፑል ነው፣ መሳሪያ ያለው ሰው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ አይደለም ያለው፣ ስለዚህ በመሳሪያ ብዛት ስታካፍዪው የቤቱ አደጋ አንሶ ይታያል፣ ልጅሽ ደሞ የሚሄደው ቤት ነው። ሌላው ዕድሜ ነው። ከ1 እስከ 19 ዓመት ያሉትን አንድ ላይ ካየሻቸው በፈረንጆቹ ከ2020 ጀምሮ ቀዳሚው ገዳይ መሳሪያ ሆኗል፣ አብዛኛውም ትልልቆቹ ላይ ነው፣ ግድያና ራስን ማጥፋት። እና የ3 ዓመት ልጅ ካለሽ መጀመሪያ ስለ ውሃው ጠይቂ፣ የ14 ዓመት ካለሽ መጀመሪያ ስለ መሳሪያው። ሁለቱንም ግን ጠይቂ።

ጥያቄ፦ መጠየቁ ነው የሚከብደኝ። ሰው ቤት ልጅ ልከህ መሳሪያ አላችሁ ወይ ማለት ወንጀለኛ ናችሁ እንደማለት አይሆንም?

ይሉኝታውን እኔም አውቀዋለሁ ወንድሜ። መውጫው ጥያቄውን ከሌሎች ጥያቄዎች ጋር ቀላቅሎ መላክ ነው፣ በስልክ መልእክት ቢሆን ደሞ ይሻላል፣ ፊት ለፊት ሲሆን እናንተም እነሱም ትደነግጣላችሁ። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ሰላም፣ ቅዳሜ ልጁን በ4 ሰዓት አመጣዋለሁ። ለውዝ አይስማማውም፣ ዋናም ገና አይችልም፣ ፑል ካላችሁ አጥር አለው? ደሞ ሁሉንም ቤት የምጠይቀው ነገር ነው፣ መሳሪያ ካለ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው?» አለቀ። «አላችሁ ወይ» ሳይሆን «ካለ ተቆልፏል ወይ» ማለቱ ለውጥ አለው፣ ያለው ሰው ሳያፍር ይመልሳል። እዚህ አሜሪካ የህፃናት ሐኪሞችም ወላጆች ይጠይቁ ብለው ነው የሚመክሩት። መጀመሪያ የራሳችሁን ብትነግሩም ጥሩ ነው፣ «እኛ ጋ መሳሪያ የለም፣ ውሻ አለ» ምናምን።

ጥያቄ፦ ጠየቅኩ እኮ፣ «አለን ግን በጣም ጠንቃቃ ነን» አሉኝ። ልላካት?

«ጠንቃቃ ነን» መልስ አይደለም። መልስ የሚባለው፦ ጥይቱ ወጥቷል፣ መሳሪያው ተቆልፏል፣ ጥይቱ ለብቻው ሌላ ቦታ ተቆልፏል፣ ቁልፉን ወይም ኮዱን ልጆቹ አያውቁም። ቁም ሳጥን ላይ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ፍራሽ ስር መደበቅ፣ አልጋ አጠገብ መሳቢያ ውስጥ መክተት መቆለፍ አይደለም። ካዝና ገዝተው ቁልፉን እዛው ካዝናው አናት ላይ የሚያስቀምጡ አሉ፣ ኮዱን የልጁ ልደት የሚያደርጉም አሉ፣ ልጁ ደሞ ልደቱን ሳይሆን ምን ሊያስታውስ ነው? ቦርሳና መኪናም አትርሺ፣ ብዙ ሰው መሳሪያውን ይዞት ነው የሚዞረው፣ ቤት ሲገባ ቦርሳውን ሶፋ ላይ ጣል ያደርጋል። መልሱ ካላጠገበሽ «እናንተ ወደኛ ኑ» በይ፣ መናፈሻም አለ። ጓደኝነቱን ማቋረጥ አይጠበቅብሽም።

ጥያቄ፦ እኔ ልጄን ሽጉጥ ካየህ እንዳትነካ ብዬ በደንብ አስተምሬዋለሁ፣ 9 ዓመቱ ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው። አይበቃም?

አይበቃም። በፈረንጆቹ 2001 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት አለ፣ ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆኑ ወንዶች ልጆችን ሁለት ሁለት ሦስት ሦስት እያደረጉ አንድ ክፍል አስገቧቸው፣ መሳቢያ ውስጥ ጥይት የሌለው እውነተኛ ሽጉጥ ተደብቋል፣ ተመራማሪዎቹ በአንድ ጎን በሚያሳይ መስታወት ያያሉ። 29 ቡድን ነበር፣ 21ዱ አገኙት፣ ከነሱ 16ቱ ነኩት፣ በ10ሩ ቡድን ቃታ የሳበ ልጅ ነበር። ከነኩት ልጆች ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስለ መሳሪያ ጥንቃቄ ተምረናል ያሉ ናቸው። ካገኙት ልጆች ግማሽ ያህሉ ደሞ መጫወቻ ነው ብለው አስበው ወይም እርግጠኛ ሳይሆኑ ነው። ማስተማሩን ቀጥል፣ «አትንካ፣ ከክፍሉ ውጣ፣ ለትልቅ ሰው ንገር»፣ ጓደኛህ «እንዳታጋልጠኝ» ቢልህም ንገር በለው። መቆለፍ ያለበት ግን ትልቁ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ የኔ እመቤት፣ እኔ አያት ነኝ፣ የልጅ ልጆቼ እኔ ጋ ነው የሚውሉት። የሟች ባለቤቴ ጠብመንጃ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ጥይት የለውም፣ ምን ያደርጋል?

እማማ፣ ጥይት የለውም የተባለ መሳሪያ ነው ብዙ ሰው የጎዳው። ቤቱ ውስጥ ጥይት አለመኖሩን እርስዎ እርግጠኛ ቢሆኑ እንኳ የድሮ ሳጥን ውስጥ የቀረ አንድ አይጠፋም። መታሰቢያነቱን አልነካብዎትም፣ የሚያውቅ ሰው ጠርተው ባዶነቱን ያስመርምሩና ቢያንስ ኬብል ሎክ ያስገቡለት፣ ጥይት በሚገባበት በኩል የሚያልፍ ሽቦ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ፖሊስ ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። ከተቻለ ግን ከግድግዳው ይውረድ፣ ይቆለፍበት። የሚወስዱት መድኃኒት ካለም እሱንም አብረው ይቆልፉ እባክዎ።

ጥያቄ፦ ፑል ያለበት ቤት ስደርስ ምን ልይ?

በሩን። ሌላው ሁሉ ከዛ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ግቢው ዙሪያውን ስለታጠረ ፑሉ የታጠረ ይመስለዋል፣ ግን የግቢ አጥር የሚከለክለው የጎረቤትን ልጅ ነው፣ ያንቺ ልጅ ቤት ውስጥ ነው ያለው፣ የጓሮውን በር ከፍቶ ይወጣል። የሚያስፈልገው ፑሉን ከቤቱም የሚለይ በአራቱም ጎን ያለ አጥር ነው፣ ቢያንስ 4 ጫማ ማለትም 1.2 ሜትር ገደማ። እንዲህ ያለው አጥር በሦስት ጎን ብቻ ካለው ጋር ሲነጻጸር የትንንሽ ልጆችን የመስጠም አደጋ በ83 በመቶ ይቀንሳል ተብሏል። በሩ ራሱ መዘጋት ራሱ መቀርቀር አለበት። ስትገቢ ትንሽ ገፋ አድርገሽ ልቀቂው፣ ተመልሶ «ቀጭ» ካለ ጥሩ፣ አየር ላይ ከቀረ ወይም ድንጋይ ተደግፎ ከተከፈተ አጥር የለም ብለሽ ቁጠሪው። አጥሩ ስር የተጠጋ ወንበር ካለ አንሺው። ውሃው ላይ የተረሳ መጫወቻም ይውጣ፣ ልጅ የሚጠራው እሱ ነው። ሰው ልብ የማይለው ነገር፣ ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ የሚሰጥሙት በዋና ሰዓት አይደለም፣ ልብሳቸውን እንደለበሱ ማንም ውሃ ጋ ናቸው ብሎ ሳያስብ ነው። ልጅ ከጠፋ ታዲያ አልጋ ስር ከመፈለግ በፊት ውሃው ጋ ሩጪ። የሚነፋው ትንሽ ገንዳም ያው ነው፣ ልጅ ለመስጠም 5 ሳንቲሜትር ውሃ ይበቃዋል፣ ተጫውተው ሲያበቁ ይደፋና ይገልበጥ።

ጥያቄ፦ ልጄ ዋና ተምራለች፣ 6 ዓመቷ ነው። ዘና ልበል?

ትንሽ። ከ1 እስከ 4 ዓመት ባሉት ላይ የተሰራ ጥናት ትምህርቱ አደጋውን በጣም እንደሚቀንስ አሳይቷል፣ እኔም የማስተምረው ለዛ ነው። ግን በመነጽርና በዋና ልብስ የምትዋኝ ልጅ በጂንስና በጫማ ስትወድቅ ሌላ ልጅ ነው የምትሆነው።

ጥያቄ፦ ክንድ ላይ የሚደረገው የሚነፋ መንሳፈፊያስ?

መጫወቻ ነው። የሚያስፈልገው በአሜሪካ ኮስት ጋርድ (የባህር ጠረፍ ጥበቃ) የጸደቀ ላይፍ ጃኬት ነው፣ በልኩ።

ጥያቄ፦ የልደት ግብዣ ነው፣ ሃያ ትልቅ ሰው አለ፣ ይሄ ሁሉ ሰው እያለ ምን ይመጣል?

እንደሱ ያለ ግብዣ ነው እኔን የሚያስፈራኝ። ሁሉም ሌላው ያያል ብሎ ያወራል። የሚሰጥም ልጅ ደሞ አይጮህም፣ አይንቦጫረቅም፣ አፉ ውሃ ውስጥ ነው፣ እጁ ወደ ጎን ውሃውን ይጫናል እንጂ አያውለበልብም፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይሰምጣል። ስለዚህ አንድ ሰው በስሙ ይመደብ፣ 15 ደቂቃ፣ ስልክ የለም፣ ቢራ የለም፣ ከዛ ለሚቀጥለው አፍ አውጥቶ «አሁን ያንተ ተራ ነው» ይበል። ዋና የማይችል ልጅ ውሃ ውስጥ ካለ እጅ በሚደርስበት ርቀት ትልቅ ሰው አብሮት ይግባ። ሲፒአርም (ልቡ ወይም ትንፋሹ ለቆመ ሰው የሚደረግ የመጀመሪያ እርዳታ) ተማሩ፣ ለሰጠመ ልጅ ደረት መጫን ብቻ ሳይሆን እስትንፋስ መስጠት ያስፈልጋል፣ የጎደለው ኦክስጅን ነው።

ጥያቄ፦ ልጁ ውሃ ከጠጣ ከቀናት በኋላ በድንገት ይሞታል የሚባለው እውነት ነው?

ደህና ውሎ አድሮ፣ ምንም ምልክት ሳይኖረው፣ ከቀናት በኋላ፣ አይደለም። የሚያሳል፣ ትንፋሹ የሚፈጥን፣ ከወትሮው ውጪ የሚፈዝ ከሆነ ግን በዛው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ጥያቄ፦ ልጄ 15 ዓመቱ ነው፣ ሰሞኑን ዝም ብሏል፣ ጓደኛው ቤት ማደር ይፈልጋል። እዛ ቤት መሳሪያ አለ።

ይሄን በደንብ ስሚኝ እህቴ። በዚህ ዕድሜ የምፈራው በጨዋታ የሚባርቅ ጥይት ብቻ አይደለም። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ብዙ ጊዜ ድንገት መጥቶ የሚያልፍ ነው፣ በመሳሪያ የተሞከረ ግን ከ10 ወደ 9 ጊዜ ያህል መመለሻ የለውም። ዛሬ ማታ አጠገቡ ቁጭ በይና በቀጥታ ጠይቂው፣ «ራስህን ስለ መጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አይከትበትም። ማደሩ ለጊዜው ይቆይ፣ ጓደኛው እናንተ ጋ ይደር። አሜሪካ ካላችሁ በ988፣ ራስን ስለ ማጥፋት ለሚያስቡ የተዘጋጀ የእርዳታ መስመር ነው፣ ቀንም ሌሊትም መደወልም መጻፍም ይቻላል፣ ወላጅም መደወል ይችላል። አሁኑኑ አደጋ ላይ ነው ብለሽ ካሰብሽ ወደ ድንገተኛ አደጋ ቁጥሩ 911 ደውዪ።

ጥያቄ፦ እኔ መሳሪያ ያለኝ ሰው ነኝ። አንዲት እናት ጠየቀችኝና እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ።

ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ። የጠየቀችህ ልጇን ልትልክልህ ስለፈለገች ነው፣ ያልፈለገችማ ሰበብ ፈጥራ ትቀራለች። በሚቀጥለው አንተ ቅደም፣ ልጅ ሊመጣ ሲል «መሳሪያ አለኝ፣ ካዝና ውስጥ ነው፣ ጥይቱ ለብቻው ነው» ብለህ ጻፍላት። ደሞ እንደዛ መሆኑን ከመላክህ በፊት ሄደህ አረጋግጥ።

ስለ ትራምፖሊንና ስለ ውሻ የጻፋችሁ ብዙ ናችሁ፣ አሁን የሌሊት ሺፍት አለብኝ፣ ሐሙስ እመልሳለሁ።