ለክሩዝ ስፓ ተጨማሪ መክፈል ያዋጣል ወይ? አላስካ ለምትሄጂው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከሲያትል ተነስታችሁ በክሩዝ፣ ማለትም በመዝናኛ መርከብ፣ ለአንድ ሳምንት አላስካ ልትሄዱ ነው። መርከቡ «የስፓ ፓስ ከአሁኑ ግዙ» እያለ በኢሜይል ያስቸግርሻል። ባለቤትሽ ገንዘብ ማባከን ነው ይላል፣ አንቺ ደግሞ ልብሽ ፈልጎታል። እኛም በዚሁ መስመር፣ ይህንኑ ክርክር ይዘን ነው የሄድነው። የእኔ መልስ፦ ፓሱን ግዢ፣ ማሳጁን ተይው፣ ከቤትሽ ሆነሽ ግን እንዳትከፍይ።

1. ፓስ ሌላ፣ ማሳጅ ሌላ። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ፓሱ የሚያስገባሽ ሙቅ ክፍሎቹ ጋ ነው፦ ሳውና፣ ስቲም (የእንፋሎት ክፍል)፣ የሞቀ ገንዳ፣ ከሥር የሚያሞቁ የሴራሚክ መጋደሚያዎች። አንዴ ከከፈልሽ ሳምንቱን ሙሉ ስትፈልጊ ትገቢያለሽ፣ ስትፈልጊ ትወጫለሽ። እኛ ስንሳፈር ለአንድ ሰው 229፣ ለባልና ሚስት 399 ዶላር ነበር። የባልና ሚስቱ ለሰባት ቀን ሲካፈል በቀን ለአንድ ሰው 28 ዶላር ተኩል ይደርሳል። ሲያትል ውስጥ አንድ እራት ከዚያ በላይ ያስወጣል።

ማሳጁ ላይ ግን ዋጋው የተጻፈው ብቻ አይደለም። 18 ወይም 20 በመቶ ቲፕ ራሳቸው ይጨምሩበታል። ከዚያ የምትፈርሚበት ወረቀት ላይ «ተጨማሪ ቲፕ» የሚል ክፍት ቦታ አለ። ሁለት ጊዜ እንዳትሰጪ። ሲያልቅ ደግሞ ሽያጩ ይጀምራል። እኔ ገና ፎጣ እንደለበስኩ ማሳጅ ያደረገችልኝ ልጅ የታተመ ዝርዝር ይዛ መጣችና ክሬሙን፣ ዘይቱን በእስክሪብቶ ታከብብልኝ ጀመር። የባሕር አረም ክሬም፣ «ከሰውነት መርዝ የሚያወጣ» ዱቄት፣ ምን የሌለ አለ? ድምሩ ከማሳጁ በለጠ። እኔ የምሠራው ነርሲንግ ሆም ውስጥ ነው። መርዝ የሚያወጡት ጉበትና ኩላሊት ናቸው፣ አመሰግናለሁ አልኳት። በልጅቷ አልፈርድም፤ ከአገሯ ርቃ በኮሚሽን ነው የምትሠራው። ግን እኔም የሄድኩት ላርፍ ነው። የግድ ማሳጅ ካማረሽ መጀመሪያ የምትሞይው ፎርም ላይ «ምንም ዕቃ መግዛት አልፈልግም» ብለሽ ጻፊ። ባለቤቴ እንደዚያ ጽፎ ማንም አንድ ቃል አልተነፈሰበትም።

2. መስመሩ አላስካ መሆኑ ነገሩን ሁሉ ይለውጠዋል። ካሪቢያን ብትሄጂ ኖሮ አትክፈይ ነበር የምልሽ። እዚያ ሙቀቱ በነፃ ነው። አላስካ ግን በሐምሌም ቢሆን መርከቡ ላይ ጃኬት ለብሰሽ ነው የምትወጪው። መርከቡ ከሚቆምባቸው የአላስካ ከተሞች ኬቺካን ዝናቡ አያባራም። ሌሎቹን፣ ጁኖና ስካግዌይን፣ ስትዞሪ ውለሽ እግርሽ በርዶ ትመለሻለሽ። ያን ጊዜ ነው ሙቁ መጋደሚያ ዋጋው የሚገባሽ።

የበረዶ ግግሩን የምታዩበት ቀን ደግሞ ለብቻው ነው። ሰው ሁሉ ውጭ ቆሞ እየተንቀጠቀጠ ፎቶ ያነሳል። እኔና ባለቤቴ ጋደም ብለን በትልቁ መስታወት እናይ ነበር። መስታወቱ በእንፋሎት ሲጋረድ በፎጣዬ እጠርገዋለሁ። ሰማያዊ የበረዶ ቁርጥራጭ በዝግታ ከመርከቡ ጎን ያልፋል፤ አንዳንዱ የመኪና ያህላል። በረዶው ሲናድ የሚያሰማውን ድምፅ መስማት ከፈለግሽ ግን ለጥቂት ጊዜ ካፖርትሽን ደርበሽ ውጪ። መስታወቱ ድምፁን ያስቀረዋል፣ እሱን ደግሞ ሊያመልጥሽ አይገባም።

3. ከቤትሽ አትክፈይ። ቀድመሽ ብትገዢ ቅናሽ አለው ይሉሻል። ቅናሹ ይቅርብሽ። በምትሳፈሩበት ቀን ስፓው ለጉብኝት ክፍት ነው። ሻንጣ ሳትፈቺ ቀጥ ብለሽ እዚያ ሂጂ፣ ምክንያቱም ፓሱ በቁጥር ስለሚሸጥ ሊያልቅ ይችላል። በዓይንሽ እዪ፦ ገንዳው ውሃ አለው? ስቲሙ ይሠራል? መጋደሚያው ስንት ነው? መስኮት አለው? መስኮት የሌለው ክፍል ከሆነ ተመለሺ፣ አላስካ ድረስ ሄደሽ ግድግዳ ለማየት አይከፈልም።

ከሁሉም በላይ «ገንዳው ቢበላሽስ?» ብለሽ ጠይቂ። እኛ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። የመጀመሪያው ቀን ማዕበል ስለነበር ገንዳው ላይ መረብ ዘረጉበት። ይሁን፣ ማዕበል የማንም ጥፋት አይደለም። ጁኖ ደርሰን፣ ባሕሩ ፀጥ ካለ በኋላ ግን ገንዳው ደርቆ «ለጊዜው ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ተለጠፈበት። ፓምፑ ተበላሽቷል። በማግስቱም ያው ወረቀት።

ወደ ስፓው ጠረጴዛ ሄድኩ። ሴትዮዋ ከኮምፒውተሯ ቀና እንኳ ሳትል «ሳውናው ይሠራል አይደል?» አለችኝ። ፈርመሻል፣ ተመላሽ ገንዘብ የለም አለችኝ። ሪሴፕሽን ሄድኩ። እነሱ ደግሞ «ስፓው የሌላ ድርጅት ነው፣ እኛን አይመለከተንም» አሉ። በእርግጥ በብዙ መርከቦች ላይ ስፓውን የሚያስተዳድረው ኮንትራት የያዘ ሌላ ኩባንያ ነው። ታዲያ ገንዘቡ የተቆረጠው መርከቡ ከያዘው ሂሳቤ ላይ አይደል እንዴ? ከሪሴፕሽን ወደ ስፓ፣ ከስፓ ወደ ሪሴፕሽን አመላለሱኝ። አንደኛዋማ እያናገርኳት ከኋላዬ ያለውን ሰው «ቀጣይ!» ብላ ጠራች። ደሜ ፈላ። ባለቤቴ «ተይው፣ ዕረፍታችንን አናበላሽ» ይለኛል። ሌሊት ቆሜ አድሬ ያመጣሁትን ገንዘብ እንዴት ብዬ ነው የምተወው?

ያደረግኩትን ልንገርሽ፣ አንቺም ይጠቅምሻል። በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በየቀኑ ፎቶ አነሳሁ። ገንዳው በትልቁ የታተመበትን፣ ሲሸጡልኝ የሰጡኝን ብሮሹር ያዝኩ። ሪሴፕሽን ሄጄ አልጮህኩም። «የሆቴል ዳይሬክተሩን ማነጋገር እፈልጋለሁ» ብቻ አልኩ። መርከብ ላይ ካቢኑን፣ ምግቡን፣ መስተንግዶውን በሙሉ የሚመራው እሱ ነው። ሹመቱን በስሙ ስጠራው የሪሴፕሽኗ ሴትዮ ፊት ሲለወጥ አየሁት። በነጋታው ካቢናችን ተደወለ። ገንዳው የተዘጋባቸው ቀናት ሂሳብ ለሁለታችንም ተመለሰ። ይቅርታም ተባልኩ፣ እሱን እንኳ አልጠበቅኩም ነበር።

ተመለሰ ሲሉሽ ግን አትመኚ። ከመውረጃሽ በፊት ባለው ማታ የሂሳብ ዝርዝሩን ከፍተሽ መግባቱን እዪ። አንዴ ከወረድሽ በኋላ ስልክ ይዘሽ ሙዚቃ ስትሰሚ ነው የምትውይው። ከመፈረምሽም በፊት ገንዳው ቢዘጋ ምን እንደሚያደርጉ የመለሱልሽን በጽሑፍ ተቀበይ፣ ከነመላሹ ስም።

ሌላው ፀጉር ነው። ይህንን የፈረንጆቹ ግምገማ ላይ አታገኚውም። ተተኩሰሽ እንዳትሄጂ፣ ስቲሙ ውስጥ ወዲያው ነው የሚያልቅልሽ። ከመሄድሽ በፊት ሹሩባ ተሰሪና ተገላገይ። ደግሞ ወንድና ሴት አንድ ላይ ነው፣ ዋና ልብስ ግዴታ ነው። እንደ አዲስ አበባው ፍል ውሃ የግል ክፍል አትጠብቂ። የሚሸፍንሽ ዋና ልብስ ግዢና ተዝናንተሽ ተቀመጪ፣ ማንም ማንንም አያይም።

ሁለታችሁ ብቻ እንደ እኛ የምትሄዱ መስሎኝ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው። ልጆች ከያዛችሁ ሒሳቡ ይለወጣል፤ አብዛኛው መርከብ ከ18 ዓመት በታች አያስገባም። የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ ቀድማችሁ ሐኪም ጠይቁ። ሙቀት የደም ሥርን ያሰፋል፣ ግፊት ይወርዳል፣ ድንገት ብድግ ስትይ ይጥልሻል። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ሐኪምሽን ሳትጠይቂ እንዳትገቢ።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ሰው እራት ላይ ሲሆንና መርከቡ ወደብ ሲቆም ክፍሉ ባዶ ነው። ከሲያትል የሚነሱት ብዙዎቹ መርከቦች ሲመለሱ ካናዳ ቪክቶሪያ ላይ ይቆማሉ፣ ብዙ ጊዜም ማታ ነው። ሰው ይወርዳል፣ ስፓው ለአንቺ ይቀራል። ልውረድ ካልሽ ግሪን ካርድ ብቻውን አይበቃም፤ ጊዜው ያላለፈ ፓስፖርትሽንም ያዢ።

ካቢን ገና ያልመረጣችሁ ሌሎቻችሁ ደግሞ ይህን እዩ። ሰለብሪቲ የሚባለው የክሩዝ ኩባንያ መርከቦች ላይ አኳ ክላስ የሚባለው ካቢን የሙቅ ክፍሎቹን መግቢያ አብሮ ይዟል። ከተራው የበረንዳ ካቢን ጋር ያለውን ልዩነት ከፓሱ ዋጋ ጋር አስተያዩት። ቫይኪንግ የሚባለው ሌላ ኩባንያ የባሕር መርከቦች ላይ ሳውናውም፣ ገንዳውም፣ የበረዶ ክፍሉም ለተሳፋሪ ሁሉ በነፃ ነው፤ ትኬቱ ራሱ ግን ውድ ነው።

ባለቤትሽ እስከ መጨረሻው እምቢ ካለ ለብቻሽ ግዢ። ፓሱ በሰው ነው የሚሸጠው፣ በካቢን አይደለም። እሱ ቡፌው ጋ ይቆይሽ።