ዮሃን አንደርሶንን ሳይሆን ደብራቸውን ይፈልጉ

ጥያቄ፦ የእናቴ አያት ስዊድናዊ ናቸው። ያለን መረጃ ዮሃን አንደርሶን የሚለው ስማቸውና በመጽሐፍ ቅዱሳቸው ሽፋን ላይ በአማርኛ የተጻፈው «ጥር 1852 ተወለዱ» ብቻ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ስፍር ቁጥር የሌለው ዮሃን አንደርሶን መጣብኝ። ከየት ልጀምር? (ከደሴ)

መልስ፦ በዚህ ስም ብቻ መፈለግ ደሴ ገበያ መሃል ቆሞ «ሰይድ!» ብሎ እንደመጣራት ነው። ሰውየውን የሚለዩት የተወለዱበት ቀንና ደብር (የቤተ ክርስቲያን አጥቢያ) ናቸው።

መጀመሪያ ቀኑን ይመንዝሩ። ጥር 1852 በእኛ አቆጣጠር ከሆነ በፈረንጆቹ ከጃንዋሪ 9 እስከ ፌብሩዋሪ 7፣ 1860 መሆኑ ነው። ጸሐፊው ወሩን ብቻ ተርጉሞ ዓመቱን እንደነበረ ትቶትም ሊሆን ስለሚችል 1852ን በፈረንጆቹም ይሞክሩት።

ደብሩ በፓስፖርት፣ በጋብቻ ወረቀት ወይም በደብዳቤ ላይ ካልተገኘ፣ የስዊድን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት (ሪክስአርኪቬት) ድረ ገጽ ላይ በፈረንጆቹ የ1880ን የሕዝብ ቆጠራ ይክፈቱ። ክፍያ የለውም። በስምና በትውልድ ዓመት ሲፈልጉ የተወለዱበትን ደብር ያወጣልዎታል።

ከዚያ ወደ ደብሩ የልደት መዝገብ ይሂዱ፤ የወላጆች ስምና መኖሪያ እዚያ አለ። የአባትየውን ስም «አንደርሶን» ብለው እንዳይፈልጉ። «አንደርሶን» የአንደሽ ልጅ ማለት ነው፤ እንደ እኛው የአባት ስም ነውና አባትየው አንደሽ ኒልሶን፣ አያትየው ኒልስ ሊሆኑ ይችላሉ። እህት ካለች አንደሽዶተር ትባላለች። ወታደር የሆነ ግን ስቶል ወይም ሙዲግ የሚል የጦር ስም ይሰጠው ስለነበር በአንድ ቤት ሁለት ዓይነት ስም ቢያዩ አይደንግጡ።

ትልቁ ሀብት ቄሱ የየቤቱን ሰው የሚመዘግቡበት መዝገብ ነው፤ በስዊድንኛ ሁስፈርሆርስሌንግድ ይባላል። በአንድ ገጽ ላይ ባል፣ ሚስት፣ ልጆችና ሠራተኞች ከነትውልድ ቀናቸውና ከነትውልድ ደብራቸው ተደርድረዋል፤ ከየት እንደመጡና ወዴት እንደሄዱም ተጽፏል። ስም ላይ የተሰመረ የስረዛ መስመር አብዛኛውን ጊዜ ሄደዋል ወይም ሞተዋል ማለት ነው። አጠገቡ ያለውን የገጽ ቁጥር ወይም የደብር ስም ተከትለው ይቀጥሉ።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የሞተ ሕፃን ስም ለሚቀጥለው ልጅ ይሰጥ ስለነበር ተመሳሳይ ስም ባዩ ቁጥር የሞት መዝገቡን ያረጋግጡ። በድሮ መዝገብ «7ቤር» የሚል ካገጠመዎ ሴፕቴምበር ነው እንጂ ሰባተኛው ወር ጁላይ አይደለም፤ «8ቤር»ም ኦክቶበር ነው። በፈረንጆቹ የ1686 የስዊድን የቤተ ክርስቲያን ሕግ ቄሶቹን መዝገብ እንዲይዙ ቢያስገድድም፣ ብዙ ደብር የጀመረው ዘግይቶ ነው፤ ቃጠሎ የበላውም አለ።