በብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የዶክትሬት ተማሪ የሥራ ልምምድ፦ ጥያቄና መልስ

የታሪክ ዶክትሬቴን በእንግሊዝ አገር ስሠራ፣ ለንደን ኪው በሚገኘው የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ለሦስት ወራት የሥራ ልምምድ አድርጌ ነበር። ስለዚያ ጊዜ የሚጠይቁኝ ወጣት አጥኚዎች እየበዙ በመሄዳቸው ጥያቄዎቻቸውን ሰብስቤ ከነመልሴ አቅርቤያለሁ። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን ለይቼ እጠቅሳለሁ።

ጥያቄ፦ ልምምዱ ለራሴ ጥናት መዛግብት የማነብበት ተጨማሪ ጊዜ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ለጥናትዎ መዝገብ ማንበብ ብቻ ከፈለጉ ልምምድ አያስፈልግዎትም፤ የንባብ ክፍሉ በነጻ የሚሰጠውን የአንባቢ ካርድ ላወጣ ሁሉ ክፍት ነው፣ በራስ ካሜራ ሰነድ ማንሳትም አይከፈልበትም። ልምምዱ የተቋሙን ሥራ የሚሠሩበት ጊዜ ነው። ሥራውም የአንድን የመዛግብት ስብስብ መግለጫ ማሻሻል፣ ለአንባቢዎች መመሪያ ማዘጋጀት ወይም ለትምህርት ቤቶች የሚሆኑ ሰነዶችን መርጦ ማብራሪያ መጻፍ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለታሪክ አጥኚ ምን ይጨምርለታል?

መልስ፦ ወረቀቱ እንዴት መዝገብ እንደሆነ ያሳየዋል፤ ለእኔ ከሁሉ የበለጠው ትርፍ ይህ ነው። ከ1906 ጀምሮ ያለው የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የፖለቲካ ደብዳቤ ልውውጥ ኤፍ ኦ 371 በሚባለው ተከታታይ ክፍል ውስጥ ይገኛል (ኤፍ ኦ የመሥሪያ ቤቱ የእንግሊዝኛ ስም ምኅጻር ነው)። በ1935 ከአዲስ አበባው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን (ከኤምባሲ ዝቅ ያለ የዲፕሎማሲ ጽሕፈት ቤት) አንድ ቴሌግራም ለንደን ደረሰ እንበል። ቴሌግራሙ በሽፋን ውስጥ ገብቶ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በመጀመሪያ ዝቅተኛው ሹም አስተያየቱን ጽፎ ፊርማውን በአጭሩ ያኖርበትና ወደ አለቃው ይመራዋል፤ አለቃውም የራሱን ጨምሮ ወደ ላይ ያሳልፈዋል። በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ መምራት የምንለው ዓይነት አሠራር ነው። ይህን ቅደም ተከተል የማያውቅ አጥኚ የጀማሪ ሹሙን ሐሳብ የእንግሊዝ መንግሥት አቋም አድርጎ ሊጠቅሰው ይችላል፣ ምናልባትም ያ ሐሳብ ከሁለት መስመር በታች በአለቃው ብዕር ውድቅ ተደርጎ ይሆናል። እኔም ከልምምዱ በፊት በጻፍኩት አንድ ምዕራፍ ይህንኑ ስሕተት ፈጽሜ ነበርና ምዕራፉን እንደገና ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ከዚህ ሌላ፣ የታተመው የመሥሪያ ቤቱ ማውጫ የጠቀሰው ወረቀት ሁሉ ዛሬ አይገኝም። መሥሪያ ቤቶች ከሚያመነጩት ወረቀት ለዘለቄታው የሚመረጠው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ የቀረው በሕግ በተደነገገ አሠራር ይወገዳል። ስለዚህ አንድን ጉዳይ በመዝገብ ማጣት ጉዳዩ አልነበረም ለማለት አያስደፍርም።

ጥያቄ፦ አማርኛ ማወቄ ለዚያ ቤት ይጠቅመዋል?

መልስ፦ በጣም ይጠቅመዋል፤ በማመልከቻዎም ላይ በግልጽ እንዲጽፉት እመክራለሁ። አገራችንን የሚመለከቱት ከ1906 በፊት የተጻፉ የውጭ ጉዳይ ደብዳቤዎች ኤፍ ኦ 1 በሚለው ክፍል «አቢሲኒያ» በሚል ስም ተመድበዋል፤ በ1930ዎቹ ፋይሎችም ይኸው ስም በብዛት ስለሚገኝ በ«ኢትዮጵያ» ብቻ የሚፈልግ ሰው ብዙ ያመልጠዋል። ዓድዋ አንዳንዴ «አዶዋ»፣ አንዳንዴ «አዱዋ» ተብሎ ተጽፏል። በታኅሣሥ 1934 በኢትዮጵያና በጣሊያን ወታደሮች መካከል ግጭት የተነሣበት ዋልዋልም በጣሊያንኛው አጻጻፍ የሚጀምረው በሌላ ፊደል ነው። የሰው ስም ደግሞ ይብሳል፦ ማውጫ ሠሪው የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ከቆጠረው፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን «ኅሩይ» ብሎ የፈለገ አንባቢ ሊያጣቸው ይችላል። ስሙን፣ ማዕረጉንና ቦታውን በትክክል ለይቶ መግለጫው ላይ ማስፈር ከእርስዎ በኋላ ለሚመጣ አንባቢ ሁሉ የሚተርፍ ሥራ ነው። ከ1941 በኋላ ስለ ነበረው የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር፣ በተለይም ስለ ኤርትራ፣ በደብልዩ ኦ 230 (ደብልዩ ኦ የጦር ሚኒስቴሩ ምኅጻር ነው) እና በኤፍ ኦ 1015 ያሉት ፋይሎች ላይም ይኸው ችሎታ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ማን ማመልከት ይችላል?

መልስ፦ በአብዛኛው የሚቀርበው በብሪታንያ የምርምር ምክር ቤቶች ገንዘብ ለሚማሩ የዶክትሬት ተማሪዎች ነው። ልምምዱ እንደ ደንቡ ከ3 እስከ 6 ወራት ይቆያል። ከ2021 ወዲህ የውጭ አገር ዜጎችም ለዚህ ድጋፍ መወዳደር ይችላሉ፤ ነገር ግን ከየዓመቱ ተቀባዮች 30 በመቶ እንዳይበልጡ ተገድቧል። በተማሪ ቪዛ ያሉ ሰዎች ከመፈረማቸው በፊት የዩኒቨርሲቲያቸውን የውጭ ተማሪዎች ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ የሥራ ሰዓት ገደብ መጣስ ትምህርቱን ራሱን አደጋ ላይ ይጥላል። ከልምምዱ የተለየ ሌላ መንገድም አለ፤ በእርሱ ዶክትሬቱ ከመነሻው በዩኒቨርሲቲና በቤተ መዛግብቱ ባለሙያዎች በጋራ ይመራል።

ጥያቄ፦ ለሕዝብ ያልተከፈቱ መዛግብት ማየት ይቻላል?

መልስ፦ ይህን ተስፋ አድርገው አይግቡ። ቀድሞ መዛግብት የሚከፈቱት በ30 ዓመት ነበር፤ ከ2013 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ 20 ዓመት እንዲወርድ ተደርጓል፤ የግለሰቦችን ምስጢር የያዙት ግን ከዚያ በላይ ሊዘጉ ይችላሉ። በሥራ አጋጣሚ ያልተከፈተ ነገር ቢያዩ እንኳ ለጥናትዎ ሊጠቀሙበት አይገባም።

ጥያቄ፦ የምማረው አዲስ አበባ ነው። እንዲህ ያለ ልምድ እንዴት ላገኝ እችላለሁ?

መልስ፦ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመውና ሁላችንም ወመዘክር የምንለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት በአቅራቢያዎ አለ። ከትምህርት ክፍልዎ የድጋፍ ደብዳቤ ይዘው ሲሄዱ «መዝገብ ልይ» ብለው አይጀምሩ። አንድ የተወሰነ ስብስብ መርጠው፣ እያንዳንዱን ፋይል ማን እንዳመነጨው፣ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው እንደሚደርስና ስንት ቅጠል እንዳለው የሚያሳይ ዝርዝር ለመሥራት ያመልክቱ። ፋይሎቹን ከተቀመጡበት ቅደም ተከተል አያናውጡ፤ የተዘበራረቀ ቢመስልዎ እንኳ መጀመሪያ እንዳለ ይመዝግቡት፤ ጸሐፊው ወረቀቶቹን በዚያ ተራ ያስቀመጠበት ምክንያት የሚገለጥልዎ ምናልባት አርባኛው ፋይል ላይ ሲደርሱ ነው።