ሴሊካዋን «ፋሻ ብቻ ነው» ብለውህ እንዳትገዛ

ወንድሜ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የተሠራች ባለ 1.8 ቶዮታ ሴሊካ ደብረ ብርሃን ላይ እንደቀረበችልህ፣ ጠዋት ስትነሣ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ እንደምታወጣ፣ ሻጩም «ፋሻ ብቻ ነው፣ ቀይረህ ትነዳታለህ» እንዳለህ ጽፈሃል። ፋሻ የሚሉት በሞተሩ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰውን ፒስተን የሚከብበውን ቀለበት ነው። እኔም ከአራት ዓመት በፊት እዚሁ ከተማ ይህንኑ ቃል ሰምቼ አምኛለሁ። እባክህ ቀብድ ከመስጠትህ በፊት ይህን አንብብ።

1ኛ፦ ሞተሯን ለይ። የአንተዋ 1ዜድዜድ ናት፤ 1,794 ሲሲ፣ ከአውሮፓ የገባች ከሆነች 143 የፈረስ ጉልበትና ባለ 6 ማርሽ። ባለ 192ዋ 2ዜድዜድ ሌላ ናት፤ ዙሯ ከ6,000 በላይ ካልወጣ እውነተኛ ጉልበቷን ስለማታሳይ ለእኛ ዳገት አትመችም። ሁለቱም ባለ ሰንሰለት ስለሆኑ በየጊዜው የሚቀየር የታይሚንግ ቺንጋ (ቀበቶ) ሐሳብ የለብህም። ግን 143ቱንም ሙሉውን አትጠብቅ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል።

2ኛ፦ ጭሱ። እስከ 2002 እ.ኤ.አ. ገደማ በተሠሩት 1ዜድዜድ ሞተሮች ላይ ጥፋቱ የፋሻው ብቻ አይደለም፣ የፒስተኑ ነው። የዘይት ፋሻው የጠረገው ዘይት የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ጠባብ ናቸው፤ በካርቦን ይደፈናሉ፣ ፋሻው ይጣበቃል፣ ዘይቱ ወደ ላይ አልፎ ይቃጠላል። ቶዮታ ራሱ በኋላ ፒስተኑን አሻሽሎታል። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። መካኒኬ አዲስ ፋሻ በአሮጌው ፒስተን ላይ አሰረ፣ እኔም ከፍዬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ከተሠራች በአምስተኛው ወር፣ በታኅሣሥ ውርጭ፣ አንድ ጠዋት ሳስነሣት ግቢው በጭስ ተሞላ። አዲስ አበባ አራት ጊዜ ደርሼ ስመለስ አንድ ሊትር ዘይት ትጨርስ ነበር፤ ሞተሩ የሚይዘው ደግሞ 3.7 ሊትር ብቻ ነው። ሁለተኛ ሲፈታ አጠገቡ ቆምኩ። ፒስተኑን ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁት፤ ቀዳዳዎቹ ጥቁር ነጥብ ብቻ ሆነዋል፣ የመርፌ ጫፍ እንኳ አላሳልፍ አሉ። የተሻሻለውን ፒስተን ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሦስት ቀን ዞርኩ። አንዱ ባለ ሱቅ «በዚህች መኪና ለምን ትደክማለህ? ሽጣት» ብሎ ዕቃ ሳያሳየኝ መለሰኝ፤ ይህ ንግግሩ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሞተሩ ከአንዳንድ ኮሮላዎች ጋር አንድ ስለሆነ በመጨረሻ ከኮሮላ ዕቃ ሻጭ አገኘሁ። ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ የእጅ ዋጋ ከፈልኩ። ዛሬ ግን ከዘይት ቅያሪ እስከ ዘይት ቅያሪ ምንም አልጨምርባትም፣ ጠዋትም በአንድ ቁልፍ ትነሣለች።

3ኛ፦ ሊብሬው። የሞተርና የቻሲስ ቁጥሩን ራስህ አመሳክር። እኔ ሳላይ ስለገዛሁ ስም ለማዛወር ስሄድ የሞተር ቁጥሩ በቅባት ተሸፍኖ አልነበብ አለ። ሠራተኛው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ፋይሉን ወደ እኔ ገፍቶ «አጥበህ ና» አለኝ። አጥቤ ስመለስ የምሳ ሰዓት፣ በማግስቱ ስብሰባ፣ በሦስተኛው ቀን ሌላ ማስረጃ። ትሕትና ገንዘብ አያስወጣም ነበር።

ለአንተ የሚጠቅምህ ዋናው ፈተና ይህ ነው። ሻጩን ይዘህ ጣርማበር ሂድ፤ ዋሻውን አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ሁለተኛ ማርሽ ላይ አድርገህ ነዳጁን ሳትረግጥ ሞተሩ ይያዛት። እንዲህ ስትወርድ ሞተሩ አየር ለመሳብ ስለሚታገል በደከመ ፋሻ በኩል ዘይት ወደ ላይ ይስባል። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ነዳጁን አጥብቀህ ርገጥና በመስታወት ወደ ኋላ ተመልከት። ሰማያዊ ጭስ ከተነሣ የፒስተኑንና የሙሉ ሥራውን ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ አስቀንስ። ሻጩ አብሮህ ጣርማበር ለመውረድ እንቢ ካለ ቀብዱን አትስጠው።