የሊንከን ዕዳ እና የእኔ ዕቁብ

ባለፈው ሳምንት አንድ የሰፈራችን ልጅ በቴሌግራም ጻፈልኝ። ዕድሜው 26 ነው። የሞባይል መለዋወጫ ሱቅ ነበረው፤ ከስሮ ዘጋው። «ጋሼ፣ እርስዎ ታሪክ ያነባሉ» ይላል። «የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች በእኔ ዕድሜ ምን ላይ ነበሩ? ሊንከንም ሱቅ ከፍቶ ከስሯል የሚባለው እውነት ነው?» ከሥሩ ያንን በየስልኩ የሚዞረውን ዝርዝር አያይዞልኛል። በ1832 በምርጫ ተሸነፈ፣ በ1833 ከሰረ፣ እንደገና ተሸነፈ፣ እንደገና ወደቀ፣ በ1860 ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። መጨረሻ ላይ ደግሞ እንዲህ ብሏል፦ «በአዲስ ቁጥር ስለጻፍኩልዎት ይቅርታ። የድሮውን ዘግቼዋለሁ፣ ሰው አላስቀምጥ አለኝ።»

ስለ ሊንከኑ ወዲያው ልመልስለት እችል ነበር። ያቺ የመጨረሻዋ መስመር ግን ሦስት ቀን እንቅልፍ ነሳችኝ። ስለዚህ ይኸው፣ ለእሱም ለእናንተም አንድ ላይ ጻፍኩ። በርትታችሁ ተማሩ፣ ከመጠጥ ራቁ የሚለውን ዘልዬዋለሁ፤ እሱን እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል። የአሜሪካውን ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የራሴን በእኛው ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ስለ ዝርዝሩ። እንዲህ ዓይነቱን ነገር የሚያዘጋጁት ሰዎች ውድቀቱን ብቻ ለቅመው ነው የሚደረድሩት። ሊንከን በ1834፣ ገና 25 ዓመቱ ሳለ፣ ለኢሊኖይ ግዛት ምክር ቤት ተመርጧል። ከዚያም ሦስት ጊዜ ደጋግመው መርጠውታል። ዝርዝሩ ይህን አይነግራችሁም። የ1832ቱ ሽንፈትም ቢሆን ከ13 ተወዳዳሪዎች ስምንተኛ ወጥቶ ነው። በሚኖርበት መንደር ግን ከ300 ድምፅ 277ቱን አግኝቷል። ሩቅ ያለው አላወቀውም፤ ጎረቤት አውቆታል። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ።

ሊንከን በ1831 ኒው ሳሌም የምትባል መንደር ሲደርስ 22 ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤት የቆየበት ጊዜ ሁሉ ቢደመር አንድ ዓመት አይሞላም። መጀመሪያ የሰው ሱቅ ጠበቀ፤ ያ ሱቅ ተዘጋ። ከዚያ ቤሪ ከሚባል ሸሪክ ጋር የራሱን ከፈተ። ገንዘብ ስላልነበራቸው ዕቃውን የወሰዱት በወረቀት እየፈረሙ ነው፤ በእኛ ቋንቋ በዱቤ። መንደሯ ትንሽ ናት፣ ሌሎች ሱቆችም ነበሩባት። የእነሱ አልዘለቀም። በጥር 1835 ቤሪ ሞተ፤ የሁለቱም ዕዳ በሊንከን ትከሻ ላይ ወደቀ። ወደ 1,100 ዶላር ይጠጋል። እየቀለደ «ብሔራዊ ዕዳዬ» ይለው ነበር። ያን ጊዜ ልክ 26 ሊሞላው ነው። ልጄ፣ የጠየቅኸኝ ዕድሜ ማለት ነው።

ምን እየሠራ ይከፍል ነበር? የመንደሯ ፖስታ ቤት ኃላፊ ነበር፤ ደብዳቤውን ኮፍያው ውስጥ ከቶ ለባለቤቶቹ ያደርስ ነበር ይባላል። ሁለተኛው ሥራው የእኔ ሥራ ነው። ቀያሽ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልኩራራ። እኔ 35 ዓመት መንገድና መሬት ስቀይስ ኖሬያለሁ። የሙያው ሰዎች የሚቀልዱት ቀልድ አለ። አሜሪካ ውስጥ ራሽሞር ተራራ ላይ የተቀረጹት አራት ፕሬዚዳንቶች «ሦስት ቀያሾችና አንድ ሌላ ሰውዬ» ናቸው ይባላል። ዋሽንግተን በ17 ዓመቱ የአንድ አውራጃ ቀያሽ ሆኗል። አባቱ የሞተው ገና በ11 ዓመቱ ነው፤ ኮሌጅ የሚባል አላየም። ጄፈርሰን የቀያሽ ልጅ ነው፤ እሱም በወጣትነቱ ለዚያ ሥራ ተሹሟል። ሊንከን ሦስተኛው ነው። ሌላው ሰውዬ ቴዎዶር ሩዝቬልት ነው፤ እሱ የሀብታም ልጅ ነበር። ሊንከን ሙያውን ከመጽሐፍ እየተማረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሥራ ጀመረ። ኮምፓስና 66 ጫማ ሰንሰለት ይዞ ጫካ ለጫካ። እኔ ማዕዘን የምንለካበትን ቴዎዶላይት ማስተካከል ለመልመድ አንድ ክረምት ፈጅቶብኛል። በ1836 ፒተርስበርግ የምትባለውን ከተማ ቀየሰ። ሰዉ ቀስ በቀስ ወደዚያች ከተማ ሄደና ኒው ሳሌም ባዶዋን ቀረች። የራሱን መንደር የገደለችውን ከተማ ችካል የተከለው ራሱ ነው! ቀያሽ ላልሆነ ሰው ይህ ላያስደንቅ ይችላል።

ወደ ዕዳው ልመለስ። ከአበዳሪዎቹ አንዱ ከሰሰው። ፈረሱ፣ ኮርቻው፣ የቅየሳ መሣሪያዎቹ ተይዘው ለጨረታ ቀረቡ። ቀያሽ ያለ መሣሪያው ምንድን ነው? ጄምስ ሾርት የሚባል ገበሬ ጎረቤቱ ጨረታው ላይ ተገኘ። ዕቃውን ሁሉ በ120 ዶላር ገዛው። ከዚያ ለሊንከን መልሶ ሰጠው። በቃ። ሊንከን ፕሬዚዳንት ሲሆን ይህን ሰው አልረሳውም፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሥራ ላይ ሾሞታል።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ያነበብኩት ባሌ ውስጥ፣ ድንኳን ውስጥ፣ በፋኖስ ነው። ጨረታው ጋ ስደርስ ገጹን አጥፌ መጽሐፉን ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት። ለብዙ ዓመት አልጨረስኩትም። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

1985 ዓ.ም. ነው። ደርግ ከወደቀ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ያኔ ሰው ሁሉ የራሱን ሥራ መክፈት ያምረው ነበር። እኔም 31 ዓመቴ ነው፤ የመንግሥት ሥራዬን ለቀቅኩና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ልከፍት ተነሳሁ። ገንዘቡን ያገኘሁት ከዕቁብ ነው። 60 ሰው፣ በሳምንት 50 ብር። በዘጠነኛው ሳምንት ዕጣው ወጣልኝና 3,000 ብር በእጄ ገባ። ዕቁብ ቀድሞ የደረሰው ሰው ዋስ ይጠራል። የእኔ ዋስ አብሮ አደጌ ነበር። ልብስ ሰፊ ነው። ጨርቅ ቤት በረንዳ ላይ አንዲት ሲንጀር የስፌት መኪና ነበረችው።

ስለዚህ ሰው ትንሽ ልበል። አራተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርት ያቋረጠው፤ ግን ወሬ ይወድ ነበር። አንድ ቀን አንድሪው ጆንሰን የሚባል የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ልብስ ሰፊ እንደነበር ነገርኩት። ደሃ ሆኖ ተወልዶ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ ያደገ። በልጅነቱ ለልብስ ሰፊ ተቀጥሮ ጠፋ፤ አሠሪው ላገኘው 10 ዶላር ብሎ ጋዜጣ ላይ አወጣበት። በኋላ ቴኔሲ ውስጥ የራሱን ስፌት ቤት ከፈተ፤ ጽሕፈቱንና ሒሳቡን እንዲያሻሽል የረዳችው ሚስቱ ናት። ጓደኛዬ መኪናውን አቁሞ እስኪያልቅ ሰማኝ። ከዚያ በኋላ ደንበኛ «አሳጥረው» ሲለው «ፕሬዚዳንቱን በትሕትና አናግር» ይል ነበር። ያልነገርኩት ነገር አለ። ጆንሰን እንደ ፕሬዚዳንት ጥሩ አልነበረም። ከባርነት ነፃ የወጡት ጥቁሮች መብት እንዳያገኙ ታግሏል፤ በ1868 ተከስሶ ከሥልጣን ሳይነሳ የቀረው በአንድ ድምፅ ነው። ደሃ አድጎ ለደሃ ያልራራ። የጓደኛዬን ደስታ ላበላሽ አልፈለግኩም።

ሱቁን የከፈትኩት በሚያዝያ ነው፤ አንድ ትምህርት ቤት አጠገብ። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ካርቦን ወረቀት። ሁለት ወር ሳይሞላ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ሜትርና ሴንቲሜትር ስለካ የኖርኩ ሰው ትምህርት መቼ እንደሚዘጋ አልቆጠርኩም! ክረምቱ ገባ። ጣራው አፈሰሰ። ግማሹ ደብተር አብጦ እንደ እንጀራ ተጣበቀ። በነሐሴ ለቤት ኪራይ የሚሆንም አልነበረኝም። 32 ሳምንት ከፍያለሁ፤ 28 ይቀረኛል።

ያኔ ባሌ ውስጥ የመንገድ ሥራ ተገኘ። ቀያሽ ይፈለጋል፣ አበል አለው። ጳጉሜን ሦስት ቀን ንጋት ላይ ተነስቼ ሄድኩ። በእሱ በረንዳ በኩል ነው ያለፍኩት። መኪናዋ በላስቲክ ተሸፍናለች፣ ጠብ ጠብ ይልባታል። ቤቱ ከዚያ ሁለት መቶ እርምጃ አይሆንም። አላንኳኳሁም። ደርሼ እልክለታለሁ አልኩ።

በመጀመሪያው ደሞዝ ቡትስ ጫማና ሬዲዮ ገዛሁ። በሁለተኛው ለእናቴ ላክሁ። እያንዳንዱ ወር የራሱ ጥሩ ምክንያት ነበረው። አንድ ጊዜ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ስለ ገንዘብ አንድ ቃል የለበትም። ብርዱ እንዴት ነው፣ ጤናህስ ይላል። ቢቆጣኝ ኖሮ እመልስለት ነበር ብዬ አስባለሁ። ባለመቆጣቱ ፈራሁት፤ አልመለስኩለትም።

ከሁለት ዓመት በኋላ የዕቁቡን ዳኛ መናኸሪያ ውስጥ አገኘሁት። ልሸሸው ስል እጄን ያዘ። «ኧረ ተው፣ ያንተ ጉዳይ ተዘግቷል» አለኝ። «ዋስህ አንድ ሳምንት አላጎደለም።» በምን ከፈለ? አልኩት። ሰውየው እንደ ሞኝ አየኝ። «መኪናውን ሸጦ ነዋ። አሁን የሰው መኪና ላይ ተቀጥሮ ይሰፋል።»

1,400 ብር ነው። ቡትሱና ሬዲዮው ሳይቀሩ ይሸፍኑት ነበር ለማለት ይቃጣኛል። አይሸፍኑትም፤ ግን ጅማሬ ይሆኑ ነበር።

እንግዲህ የዛሬ ወጣቶችን ስታማ ሰምተናል ትሉኛላችሁ። አዎ፣ አማለሁ። ችኩሎች ናችሁ። በሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ሀብታም የምትሆኑ ይመስላችኋል። ሞቲቬሽን ተናጋሪ «መውደቅ የስኬት ደረጃ ነው» ሲል ታጨበጭባላችሁ። ሊንከን በ1835 ደረጃ እየወጣ መሆኑን በምን ያውቃል? ዕዳ ያለበት፣ ሸሪኩ የሞተበት፣ በዚያው ዓመት ይወዳት ነበር የምትባል ኮረዳም የሞተችበት ሰው ነው። ግን በ31 ዓመቴ ከእናንተ የባስኩ ችኩል ነበርኩና አፌን ልያዝ።

በዱቤ ሥራ አትጀምሩ ልላችሁ ነበር። ተውኩት። ያለ ዱቤ ማን ይጀምራል? ሊንከን አልጀመረም። ትሩማንም አልጀመረም። ሃሪ ትሩማን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመለስ ከጦር ጓደኛው ጋር ካንሳስ ሲቲ የወንዶች ልብስ ሱቅ ከፈተ፤ 1919 ላይ ነው። በ1922 ተዘጋ። 38 ዓመቱ ነበር፣ የኮሌጅ ዲግሪም አልነበረውም። ሸሪኩ ጃኮብሰን ኋላ ላይ በፍርድ ቤት ኪሳራ አስመዘገበ፤ ትሩማን ግን አላስመዘገበም። ለዓመታት እየቆራረጠ ከፈለ። ሁለቱ ሳይጣሉ እስከ መጨረሻው ወዳጆች ሆነው ኖሩ። እኔን የሚገርመኝ ከፕሬዚዳንትነቱ ይልቅ ይሄ ነው። ፕሬዚዳንት ግራንትም አለላችሁ፤ ከሠራዊት ወጥቶ ሴንት ሉዊስ መንገድ ላይ ማገዶ የሸጠ። በ1857 የገና በዓል ሊደርስ ሲል የወርቅ ሰዓቱን በ22 ዶላር አስይዟል። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ የሰሜኑን ጦር ሁሉ የሚያዝ ጄኔራል ነው። ጦርነት ባይነሳስ? በአባቱ ሱቅ ቆዳ ሻጭ ሆኖ ይቀር ነበር መሰለኝ። ለዚህ ነው ዝርዝሮቹን የማልወዳቸው።

በሊንከን ዘመን ዕዳ የበዛበት ሰው ሌሊት ተነስቶ ወደ ምዕራብ መጥፋቱ የተለመደ ነበር። አገሩ ሰፊ ነው፣ ፈላጊ የለም። ሊንከን አልጠፋም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እነዚያ 277 ሰዎች መሀል እየኖረ፣ በየቀኑ ዓይናቸውን እያየ፣ በኋላም በአቅራቢያው ከተማ ሆኖ ከፈለ። ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

እኔ 18 ዓመት ፈጀሁ። በ2004 ዓ.ም. 20,000 ብር በፖስታ አድርጌ ወደ ድሮ ሰፈራችን ሄድኩ። ሰፈሩ ለልማት ፈርሷል። በረንዳው የነበረበት ቦታ ቆርቆሮ ታጥሯል። ዕድሩን ጠይቄ ሚስቱን ኮንዶሚኒየም ውስጥ አገኘኋት። እሱ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። ወዲያው አወቀችኝ። ፖስታውን ተቀበለች፣ ጠረጴዛው ላይ አፍስሳ ቆጠረችው። ሁለት ጊዜ።

«ይሄ የዕቁቡ ነው» አለች። «መኪናዋን ስንት ብለህ አሰብካት?»

አፌ ተሳሰረ። ቡና አፈላች። ጠጣሁና ወጣሁ። መልሱን አሁንም አላገኘሁትም።

ልጄ፣ ያንተ ዋስ ማን እንደሆነ አልነገርከኝም። እኔም አልጠይቅህም። የድሮውን ሲም ጥለኸው ከሆነ ግን ችግር የለውም፤ መታወቂያህን ይዘህ ቴሌ ሂድ፣ ቁጥርህን መልሰው ያወጡልሃል።