በፋያስ ሰሞን ከቫሌንሲያ አትውጡ

ሰላም እህቴ። «ቫሌንሲያ ከገባን አራት ወራችን ነው፤ የ3 እና የ7 ዓመት ልጆች አሉኝ፤ ለፋያስ እንቆይ ወይስ ጩኸቱን ሸሽተን እንውጣ?» ላልሽው፣ ቆዩ እልሻለሁ። በየሰፈሩ ትልልቅ ምስሎች (ፋያ) ቆመው በመጨረሻው ማታ የሚቃጠሉበትን ይህን የስፔን በዓል እኛ ስድስት ጊዜ አሳልፈናል።

ጩኸቱ ግን ቀላል አይደለም። ከማርች 1 እስከ 19 በየቀኑ ልክ 8 ሰዓት ላይ (በእነሱ 14:00) በማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ ማስክለታ ይተኮሳል። ርችት ነው፣ ግን ለዓይን ሳይሆን ለጆሮና ለደረት የተሠራ፤ መሬቱ ከእግርሽ ሥር ይርገበገባል። በመጀመሪያው ዓመት ሳላውቅ የሁለት ዓመት ልጄን ታቅፌ ፊት ለፊት ቆምኩ። አንገቴ ሥር ተወሽቆ ሲንቀጠቀጥ እስከ ዛሬ አይረሳኝም፤ ለቀናት በር ሲዘጋ እንኳ ይደነግጥ ነበር። ለትንሹ የልጆች የጆሮ መሸፈኛ ካሁኑ ግዢ፣ ከአደባባዩም ጥቂት መንገድ ራቅ ብላችሁ ስሙ። የልጅ ጋሪ አትውሰጂ፣ እዘይው።

ከሁሉ በላይ ግን ካሳል ሂዱ። በየሰፈሩ እንደ ዕድራችን ዓመቱን ሙሉ እያዋጣ ፋያውን የሚያሠራ ማኅበር አለ፤ ካሳል መሰብሰቢያ ቤቱ ነው። ከትልቁ ፋያ ጎን የልጆች ፋያም ያቆማሉ። በሁለተኛው ዓመት ልጆቼን ይዤ ገብቼ «ጎረቤት ነን» አልኳቸው፤ ከዚያ ወዲህ በዓሉ የእኛም ሆነ። መንገድ ላይ በእንጨት እሳት ፓኤያ የሚሉትን የሩዝ ምግባቸውን ሲሠሩ፣ ጾመኞች መሆናችንን የሰማች አንዲት እናት በአትክልት ብቻ ለየት አድርጋ ሠራችልን። ፋያስ ሁሌም ዐቢይ ጾም ላይ ነው የሚውለው። ቡኙዌሎ የሚሉት የዱባ ሊጥ በዘይት የሚጠበስ ነው፤ እንቁላልና ወተት እንደሌለበት ጠይቀሽ ብዪ።

17 እና 18 ላይ ሴቶቹ የሐር ቀሚሳቸውን ለብሰው ለእመቤታችን አበባ ይዘው ይሄዳሉ። አበባው በግዙፍ የእንጨት ምስሏ ላይ እየተሰካ ካባዋ ይሆናል። ፊቷ ሲደርሱ ብዙዎቹ ያለቅሳሉ፤ እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ ቆሜ አልቅሻለሁ።

የ19ኙን ማታ እንዳያመልጣችሁ። ትልልቆቹ ፋያዎች የሚቃጠሉት ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው፤ ለልጆችሽ ግን 2 ሰዓት ላይ የሚቃጠለው የልጆቹ ፋያ ይበቃል። ማርች 19 ለእነሱ የቅዱስ ዮሴፍ በዓል ነው፣ በእኛ ደግሞ መጋቢት 10፣ ንግሥት እሌኒ መስቀሉን ያገኘችበት ቀን! ይህን የተረዳሁት በሦስተኛው ዓመት ነው፤ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ልጄ «ይህን ሁሉ ለፍተው ለምን ያቃጥሉታል?» ስትለኝ፣ አዲስ አበባ ስለሚቃጠለው ደመራ ነገርኳት፤ ጢሱ ወዴት እንደሚሄድ እያየች ዝም አለች። አሁን በየዓመቱ እሳቱ ሲያያዝ «እዮሃ አበባዬ» የምትለው እሷ ናት፤ የካሳሉ ልጆችም ተምረውታል።

ሰፈራችሁ የት እንደሆነ ጻፊልኝ። ሩሳፋ አካባቢ ከሆናችሁ የዚያን ማታ አብረን እንቆማለን።