«ምልከታ» ወይስ «ትዝብት»?

ጥያቄ፦ ለሥነ ልቦና ጥናቴ የሕፃናትን ጨዋታ እያየሁ መረጃ እሰበስባለሁ። ዘዴውን «ምልከታ» ብዬው አማካሪዬ «ትዝብት» ብለው አረሙት። የቱ ይሻላል? «አሳታፊ ምልከታ»ስ ትክክል ነው?

መልስ፦ «ምልከታ» ይቆይ። «ታዘበ» አይቶ አያበቃም፤ በልቡ ፈርዶ ይይዛል። «ታዘብኩህ» የተባለ ሰው የሚሰማው ወቀሳ ነው። ለምርጫ ታዛቢ ቃሉ ልክ ነው፤ ሥራው ሕግ መከበሩን መመስከር ነውና። የጥናት መዝገብ ግን ከፍርድ በፊት ያለውን ይፈልጋል። «ክትትል» ቁጥጥር ቁጥጥር ይላል። «ምልከታ»ም እንከን አያጣም፤ «ተመልካች» ሲባል ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ሰው ትዝ ይላል። ስለዚህ ቅጹን የሚሞላውን ሰው «መዝጋቢ» ይበሉት።

«አሳታፊ» አይሆንም። «አሳተፈ» ሌላውን ማስገባት ነው፤ እዚህ የሚገባው አጥኚው ራሱ ስለሆነ «ተሳትፏዊ ምልከታ» ይባል።

ከስያሜው ይበልጥ የሚያሳስበው ቅጹ ላይ የሚሰፍረው ግስ ነው። ትዝብትን ከርዕሱ አስወጥቶ በግስ በኩል መልሶ ማስገባት ቀላል ነው። «ተናዶ በሩን ዘጋ» የሚለውን ይመልከቱ፤ «ተናዶ» የተባለው ቦዝ አንቀጽ ያልታየ ስሜትን ከታየ ድርጊት ጋር አስሮ ምክንያት ያስመስለዋል። ቦዝ አንቀጽ በራሱ ጥፋት የለበትም፤ «በሩን በእግሩ ገፍቶ ዘጋ» ቢሉ ሁለቱም ድርጊቶች የታዩ ናቸው። «አኮረፈ»፣ «ቀና»፣ «ፈራ» ግን ከቅጹ ይውጡ። «አልታዘዘም»ም እንዲሁ፤ በዚያ ፈንታ ምን እንዳደረገ ይጻፍ።

ሁለተኛው ወጥመድ የአማርኛ ውበት የሆነው ድግግሞሽ ነው። «መጫወቻውን ነካካ» ስንት ጊዜ ነው? አንዱ መዝጋቢ 1፣ ሌላው 4 ይቆጥራል፤ ሁለቱም ከቋንቋው አልወጡም። ድርጊት በሚቆጠርበት ቅጽ «ነካ» ብለው ቁጥሩን ያስፍሩ። «አለቀሰ»ም ገደብ ይሻል፦ ለምሳሌ ከ5 ሰከንድ በላይ ዝምታ ካለፈ ቀጣዩ ለቅሶ እንደ አዲስ ይቆጠር። ጊዜውን በ15 ሰከንድ ከፋፍለው የሚመዘግቡ ከሆነ ደግሞ «በ15ቱ ሰከንድ ውስጥ አለቀሰ» እና «15ቱን ሰከንድ በሙሉ ሲያለቅስ ቆየ» ሁለት የተለያዩ መለኪያዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው የለቅሶውን ጠቅላላ ጊዜ ያጋንናል፣ ሁለተኛው ያሳንሰዋል። የትኛውን እንደመረጡ ሳይጽፉ አይለፉ።

ስለ «የመዝጋቢዎች ስምምነት» አልጠየቁም፤ ግን ቃሉ ያሳስታል። ስምምነት ተነጋግሮ የሚደረስበት ነገር ይመስላል፤ እዚህ ግን ሁለቱ ሳይነጋገሩ ለየብቻ የሞሉት መግጠሙ ነው የሚለካው። «የመዝገብ መግጠም» ቢባል አደጋው ይቀንሳል። መቶኛውም ብቻውን አይታመን። እንዲህ የተከፋፈለ 40 ክፍለ ጊዜ አለ እንበል፤ አንዱ መዝጋቢ 2 ላይ «አለቀሰ» ብሎ ሲጽፍ ሌላውም በሌሎች 2 ላይ ጻፈ። በ36ቱ ስለገጠሙ ውጤቱ 90 በመቶ ይሆናል፤ ለቅሶ ላይ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልተገናኙም። በአጋጣሚ የሚገኘውን መግጠም የሚቀንሰው የኮኸን ካፓ የተባለው መለኪያ እዚህ ላይ ከዜሮ በታች ይወርዳል። የሚበጀው የለቅሶን ፍቺ ጽፎ፣ መዝጋቢዎቹን በሌላ ቪዲዮ አለማምዶ፣ እንደገና ማስቆጠር ነው።